መንገዱን ሳይሆን ብስክሌቱን እንቃኝ

ክራር ከሠሪው እጅ ሲወጣ ገና ክራር አይደለም፤ እንጨት፣ ቆዳና ክር ነው። ክራር የሚሆነው ሲቃኝ ነው። ያው አንዱ ክራር በትዝታ ሲቃኝ፣ በባቲ ሲቃኝ፣ በአምባሰልና በአንቺ ሆዬ ሲቃኝ አራት የተለያየ ልብ ይኖረዋል። ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ የወሎ ምድር ስሞች መሆናቸውን የሙዚቃ ወዳጅ ሁሉ ያውቃል። ወሎ እንግዲህ ቅኝት ምን እንደሆነ ለሌላው የሚያስተምር አገር ነው። ስለዚህ ዛሬ ስለ አንድ ባዕድ ዕቃ ለመጻፍ ስነሣ፣ ቃሉን ከወሎ ብበደር አንባቢ እንደ ድፍረት እንደማይቆጥርብኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

ዕቃው የተራራ ብስክሌት ነው። ከፊትም ከኋላም አሞርዛተር ያለው፣ ነገር ግን አሞርዛተሩ አጭር የሆነው ዓይነት። አጭር ማለት መንኮራኩሩ እንቅፋት ሲያገኝ ወደ ላይ ሊገፋ የሚችልበት ርቀት ከ100 እስከ 130 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው ማለት ነው፤ ለቁልቁለት ውድድር ብቻ የሚሠሩት ብስክሌቶች ግን 200 ሚሊ ሜትር ያህል አላቸው። አጭሩ ብስክሌት ዳገት ይወጣል፣ ሜዳ ይጋልባል፣ ቁልቁለት ይወርዳል፣ ከትንሽ ጉብታም ይዘላል። ይህን ብስክሌት ለመካነ ሰላምና በዙሪያው ላለው የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ እንዴት እንቃኘው? ጥያቄዬ ይህ ነው።

ለመሆኑ ይህ ለሥነ ጽሑፍ ወዳጅ ምኑ ነው? የምትሉኝ ትኖራላችሁ። መልሴ እንዲህ ነው፤ ከብስክሌቱ ጀርባ ከብስክሌቱ የሚያረጅ ጥያቄ አለ። ሰው መሣሪያውን ለምድሩ ይቃኛል ወይስ ምድሩን ለመሣሪያው ይሰብራል?

በእነዚህ ደጋዎች ላይ መንኮራኩር የጻፈው ትልቁ ታሪክ የዐፄ ቴዎድሮስ ነው። በጋፋት የተቀለጠውና ወደ 7 ቶን የሚመዝነው ሴባስቶፖል በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥቶ መቅደላ እስኪደርስ ስድስት ወር የሚጠጋ ጊዜ ፈጅቷል። የጅጣና የበሸሎ ገደሎች እየተቆፈሩ፣ ቋጥኝ እየተፈነቀለ፣ ንጉሡ ራሳቸው ከሠራዊታቸው ጋር ድንጋይ እያነሡ መንገድ ተሠራ። መድፉ አምባው ላይ ወጣ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሡ በዚያው አምባ ራሳቸውን ሰዉ፤ ሴባስቶፖልም እዚያው ቀረ። የንጉሡን ጽናት ማንም አይክድም። ዳሩ ግን ታሪኩ መንኮራኩሩ አልጎብጥ ቢል ምድሩ እንዲጎብጥ የተደረገበት ታሪክ ነው።

አሞርዛተር ያለው ብስክሌት የዚህ ተቃራኒ ሐሳብ ነው። ድንጋዩ በቦታው ይቀመጣል፤ የሚጎብጠው መንኮራኩሩ ነው። ሐሳቡ አንድ ቀን አልተወለደም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በካሊፎርኒያ የማሪን ወጣቶች በአሮጌና ከባድ ብስክሌቶች የተራራ ቁልቁለት ይወርዱ ነበር። የኋላ ፍሬኑ በግለት ግሪሱን አቃጥሎ ስለሚያጨሰው፣ ከእያንዳንዱ ውረድ በኋላ ግሪሱ እንደገና መሞላት ነበረበት፤ እ.ኤ.አ. በ1976 የጀመሩት ውድድርም «እንደገና ሙላ» የሚል ትርጉም ያለውን «ሪፓክ» የተባለውን ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ሮክሾክስ የመጀመሪያውን የፊት አሞርዛተር ለገበያ አቀረበ። እ.ኤ.አ. በ1996 በአትላንታ የተራራ ብስክሌት የኦሊምፒክ ውድድር ሆነ።

የእኛ አገር ብስክሌት ግን የአስፋልት ልጅ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትገባ ከሯጮቿ ጋር ያሰለፈችው ብስክሌተኞችን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ጽጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስን የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። በአማራ ክልል ብስክሌት ሲነሣ ቶሎ ትዝ የምትለን ባሕር ዳር ናት፤ ሜዳ ናትና። ደጋው ግን የእግረኛና የበቅሎ ሆኖ ኖሯል። ይህም ጉድለት አይደለም። በቅሎ ስንመርጥ ምን እንደምንል አስቡ። ሰጋር በቅሎ የምንላት ፈጣኗን አይደለም፤ ድንጋዩን በእግሮቿ ውጣ ለተቀመጠባት ሰው ሰላም የምትሰጠውን ነው። የአሞርዛተርን ምሥጢር በሁለት ቃል አስረዳ ብባል ከ«ሰጋር በቅሎ» የተሻለ አላገኝም።

መካነ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከእርሷ በላይ አስታና ጅብራ የበቀለበት፣ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚኖርበት የደንቆሮ ጫካ ወደ ውርጩ ይወጣል፤ በታች ምድሩ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል። በመካከል ያለው ቀጭን መንገድ በሰው እግርና በከብት ኮቴ የተጻፈ ነው። እዚህ ልሙጥ፣ እዚያ ኮረት፣ ወረድ ሲል ደረጃ የመሰለ ድንጋይ፣ ሜዳው ላይ ደግሞ በጋ የሚሰነጠቅ ክረምት የሚያጣብቅ ዋልካ። ይህ መንገድ ረጅም አሞርዛተር አይፈልግም የምለው ለዚህ ነው። ረጅሙ ለአንድ ቁልቁለት ጥሩ ነው፤ ከቁልቁለቱ በኋላ ያለውን የግማሽ ቀን ዳገት ግን የሚገፋው ሰው ነው።

እንግዲህ ወደ ቅኝቱ እንግባ።

የመጀመሪያው ክር ዝቅታ ነው። ነጂው ከነልብሱ፣ ከነውኃውና ከነስንቁ ብስክሌቱ ላይ ወጥቶ ጸጥ ሲል አሞርዛተሩ በክብደቱ ብቻ የሚረግበውን ልክ ማለቴ ነው። በሹካውና በኋላው አሞርዛተር ዘንግ ላይ ያለችው የጎማ ቀለበት ይህን ትለካለች። 120 ሚሊ ሜትር ለሚጨመቅ የፊት ሹካ 20 በመቶ፣ ማለትም 24 ሚሊ ሜትር ያህል ጥሩ መነሻ ነው። ለኋላው ከ25 እስከ 30 በመቶ ይበቃል፤ ዘንጉ 45 ሚሊ ሜትር የሚገባ ከሆነ ከ11 እስከ 13 ሚሊ ሜትር መሆኑ ነው። ብዙዎች «ልዘልበት ነው» ብለው አየሩን እስኪጠነክር ይሞላሉ። አልስማማም። መንኮራኩር የሚያገኘው ጉብታ ብቻ አይደለም፤ ጉድጓድም አለ። ያልረገበ አሞርዛተር ወደ ጉድጓዱ የሚወርድበት ልክ ስለሌለው መንኮራኩሩ መሬቱን ይለቃል፤ መሬት የለቀቀ መንኮራኩር ደግሞ መሪም ፍሬንም አይሰማም። አየሩን የሚሞላውም የጎሚስታው ኮምፕሬሰር አይደለም። የአሞርዛተሩ ክፍል ጠባብ፣ ግፊቱም ከፍተኛ ስለሆነ ለእርሱ የተሠራች፣ መለኪያ ያላት ትንሽ የእጅ መንፊያ ያስፈልጋል። ከአዲስ አበባ የሚነሣ ሰው ሌላውን ቢረሳ እርሷን አይርሳ።

ሁለተኛው ክር የመመለስ ፍጥነት ነው። የተጨመቀ አሞርዛተር ተመልሶ ይዘረጋል፤ በምን ፍጥነት የሚለውን ብዙ ጊዜ ቀይ የሆነች አንዲት ማዞሪያ ትወስናለች። ከመጠን በላይ ሲፈጥን የዝላዩ ጫፍ ላይ የኋላው መንኮራኩር እንደ ደነገጠ በቅሎ ይራገጥና ነጂውን በመሪው ላይ ይሰደዋል። ከመጠን በላይ ሲዘገይ ደግሞ ከአንዱ ድንጋይ ሳይመለስ ሁለተኛው ይደርስበታል፣ ሦስተኛውም ይጨምርበታል፤ አሞርዛተሩ እየሰመጠ ሄዶ በመጨረሻ እንደ ደረቅ እንጨት ይሆናል። ለኮረታማው የደጋ መንገድ ፈጠን ያለው ይሻላል፤ ለዝላይ ዘግየት ያለው። ቅኝት ማለት በሁለቱ መካከል ያለውን ድምፅ ማግኘት ነውና ከአንድ መነሻ ጀምሮ በአንድ በአንድ እየቀየሩ፣ ያንኑ አጭር መንገድ እየደጋገሙ መሞከር ነው። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ የለወጠ ሰው የቱ እንደጠቀመው አያውቅም።

ሦስተኛው ክር የመጨረሻው ጥግ ነው። በአየር በሚሠራው አሞርዛተር ውስጥ ትናንሽ ፕላስቲኮች በመጨመር የአየሩን ክፍል ማጥበብ ይቻላል። መጀመሪያው ላይ ለስላሳነቱ እምብዛም አይነካም፤ መጨረሻው ላይ ግን እየጠነከረ ይሄዳል። ለሚዘል ሰው ትክክለኛው መንገድ አየር መጨመር ሳይሆን ይህ ነው። ለትንሹ ድንጋይ የሚታዘዝ፣ ለትልቁ ውድቀት ግን የማይንበረከክ አሞርዛተር የሚገኘው በዚህ ነው።

አራተኛው ክር የደጋው የራሱ ነው፤ የውጭ መመሪያዎችም በቀላሉ ያልፉታል። በመካነ ሰላም ከፍታ የከባቢ አየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። በቆላ አገር የተገጣጠመ ሹካ በታችኛው እግሮቹ ውስጥ የዚያን አገር አየር ታሽጎበት ይመጣል፤ ደጋ ሲደርስ ይህ አየር ወደ ውጭ ይገፋል፣ ሹካውም ያለምክንያት የደነደነ ይመስላል። አንዳንድ ሹካዎች ይህን አየር የሚያስተነፍስ ተጫኝ ቁልፍ አላቸው፤ ለሌላቸው ሹካው ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶ ሳለ ጫፏ የለዘበ ስስ የፕላስቲክ ማሰሪያ ከአቧራ መከላከያው ጎማ ሥር በጥንቃቄ ማስገባት ይበቃል። ትንፋሹ ሲወጣ ይሰማል። ጎማውስ? ከ2,600 ሜትር ተነሥቶ ወደ ዓባይ ሸለቆ 1,200 ሜትር ገደማ እስኪደርስ የወረደ ሰው፣ የውጪው አየር ስለሚወፍር ጎማው ላይ የሚነበበው ግፊት ወደ 2 ፒ.ኤስ.አይ. ይቀንስበታል። ነገር ግን ጠዋት በ15 ዲግሪ በ24 ፒ.ኤስ.አይ. የተነፋ ጎማ ቆላው ላይ 30 ዲግሪ ሲደርስ ሙቀቱ ያንኑ ያህል ሊመልስለት ይቀርባል። ምድሪቱ በአንድ እጇ የወሰደችውን በሌላው ትሰጣለች፤ ነጂው ዝም ቢል ይሻለዋል። ቆላው ላይ የሚያስፈራው እሾህ ነው፤ ስለዚህ ያለ ውስጥ ጎማ የሚሠራና ቀዳዳውን ራሱ የሚደፍን ፈሳሽ ያለበት ጎማ ይመረጣል። ፍሬኑም ሰፋ ያለ ዲስክ ይኑረው፤ የማሪን ወጣቶች ግሪስ ያቃጠሉት ከዚህ በሚያንስ ቁልቁለት ነውና።

አሁን ወደ ዝላዩ እንምጣ፤ ልናገር የተነሣሁትም ስለ እርሱ ነው።

አጭር አሞርዛተር ለዝላይ የሚመቸው ነጂው ሲገፋው ስለሚመልስለት ነው፤ ረጅሙ ግን ግፊቱን ውጦ ያስቀረዋል። ነገር ግን አጭሩ ያልታሰበበትን አወራረድ ይቅር አይልም። ስለዚህ ነጂው ከመዝለሉ በፊት የሚያርፍበትን እንዲያይ ያስገድደዋል፤ ሣሩን እንጂ ገደሉን ያላየውን በሬ ከመሆን ያድነዋል። ታዲያ የደጋው ነጂ ቁልቁል ሲመለከት ዐይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው የት ላይ ነው? እርከን ላይ።

ፋንያ ጁ የሚባለውን እርከን ያየ ሰው ያውቀዋል። ገበሬው ቦይ ይቆፍርና አፈሩን ወደ ላይኛው በኩል ይከምረዋል። ከላይ ወደ ታች ለሚመጣ ብስክሌተኛ መጀመሪያ ክምሩ፣ ቀጥሎ ቦዩ፣ ከዚያ ወዲያ ተዳፋቱ ይገጥመዋል። የዝላይ መምህር ቢጠየቅ ከዚህ የተሻለ አይነድፍም። መነሻ አለ፣ ክፍተት አለ፣ ማረፊያ አለ። ፈተናውም ይኸው ነው።

ይህ ክምር ግን የዝላይ መነሻ አይደለም። ከ1966ቱና ከ1977ቱ ረኃብ በኋላ የወሎ ገበሬ፣ ብዙ ጊዜም ለዕለት እህል ሲል፣ አካፋና ዶማ ይዞ የሠራው የአፈር አጥር ነው። የደቡብ ወሎው የማይባር የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1981 የተቋቋመው፣ ከእነዚህ ተዳፋቶች በየክረምቱ ምን ያህል አፈር እንደሚሸሽ ለመመዘን ነበር። እርከኑ አንድ ቦታ ላይ በጎማ ሲላላ፣ በመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ውኃው የሚመርጠው ያንን ቦታ ነው። ከላይ የተጠራቀመው ውኃ በአንዲት ስንጥቅ ሲሾልክ የታችኛውን እርከን ይዞ ይሄዳል፤ የታችኛውም የራሱን ታች። የሁለት ሰኮንድ ደስታ የአንድ ቤተሰብ ማሳ ላይ ቦረቦር ይሆናል። ዋልካው ላይ በክረምት የሚጋልብም ልዩነት የለውም፤ ጎማው የሚተወው ቀጭን ቦይ ለጎርፍ የተጻፈ አድራሻ ነው። እንግዲህ አቋሜ ይህ ነው፤ በእርከን ላይ መዝለል ነውር ነው፣ በክረምት ደጋውን በብስክሌት ማረስም እንዲሁ። በደንቆሮ ጫካ ደግሞ ከተረገጠው መንገድ መውጣት በቁጥር ከቀሩት ከቀይ ቀበሮዎች ቤት ደጃፍ ላይ መጨፈር ነው።

መንገዱም ባለቤት አለው። ጄሪካን ያዘለች እናት፣ የተጫነች አህያ የሚነዳ ገበያተኛ፣ ከአፋፉ ማዶ በጎቹን የሚጠብቅ ልጅ፣ ሁሉም ከብስክሌተኛው ቀድመው በዚያ መንገድ ላይ ነበሩ። ማዶው በማይታይ አፋፍ ላይ መዝለል ልጁን እንደሌለ መቁጠር ነው። ድምፅ የሌለው መንኮራኩር አህያ ያስበረግጋል፤ ስለዚህ ደወል ይኑር። ከዚያም በላይ ከብስክሌት ወርዶ «እንደምን ዋላችሁ» ማለት ይኑር። በወሎ መንገድ ሰላምታ ሳይሰጡ ማለፍ ከየትኛውም የተበላሸ ቅኝት የከፋ ነው።

የሚነሡብኝን ሁለት ተቃውሞዎች አውቃለሁ። አንደኛው «ይህ የጥጋበኛ ወሬ ነው፤ የአንዱ ብስክሌት ዋጋ ጥማድ በሬ ይገዛል» የሚለው ነው። እውነት ነው። ነገር ግን የደጋ ሰው ጨዋታን ንቆ አያውቅም። ገናን የተጫወተው፣ ጉግስ የጋለበው፣ ፈረሱን ለጥምቀት የሸለመው ከእርሻው ተርፎት አይደለም። ጨዋታ የድሃም መብት ነው። ያልተፈቀደው የአንዱ ጨዋታ በሌላው እንጀራ ላይ መሆኑ ነው፤ ጉግስም ቢሆን ሜዳ ላይ እንጂ የበቀለ ጤፍ ላይ አይጋለብም።

ሁለተኛው «ታዲያ ወጣቱ የት ይዝለል?» የሚለው ነው። ይህ የተገባ ጥያቄ ነው፤ መልስም አለው። በከተማው ጥግ፣ በቀበሌው ፈቃድ፣ ከሕንፃ መሠረት በወጣ አፈር የሚሠራ ጉብታ ይበቃል። አናቱ እንደ ገበታ ደልዳላ ይሁን፤ መሐሉ ክፍት ከሆነው ይልቅ ይህ ይመረጣል፤ ዝላዩ ያጠረበት ጀማሪ ጉድጓድ ውስጥ ሳይሆን ገበታው ላይ ያርፋልና። ማረፊያው ተዳፋት ይሁን፣ ውኃ የሚወጣበት ቦይ ይበጅለት፣ አፈሩ ውኃ እየተረጨ ይጠቅጠቅ። ይህን የሚሠራ ወጣት አፈር እንዴት እንደሚያዝና ውኃ እንዴት እንደሚመራ በእጁ ይማራል። እርከን የሠራው አባቱ የሚያውቀው ይህንኑ ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር አለ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የአማራ ክልልን ያወከው ግጭት መንገድን ከመንገደኛ ለያይቷል። መንገዱ የሚታወቀው በእዚያው ለሚኖሩት ነው፤ እነርሱን ሳይጠይቁና እሺታቸውን ሳያገኙ ብስክሌት ይዞ መነሣት ድፍረት ሳይሆን ድንቁርና ነው። የከተማይቱ ስም መካነ ሰላም ነው፤ የሰላም ቦታ። ስም ምኞትም ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ምኞት ብቻ ሆኖ ይከርማል። አሞርዛተር ድንጋይን እንጂ ይህን አይውጥም።

ክራር የሚቃኘው ዘፈኑ ከመጀመሩ በፊት ነው። ዝቅታን መለካት፣ የታሸገ አየር ማስተንፈስ፣ ጉብታ ለመሥራት ፈቃድ መጠየቅ፣ እርከንን ማክበር፣ እነዚህ ሁሉ መንገዱ ተከፍቶ «ና» እስኪል ድረስ የሚሠሩ ሥራዎች ናቸው። ምድሩ ቅኝቱን ጨርሷል፤ በስንት ሺህ ዓመት ዝናብ፣ በስንት ትውልድ እግር ተቃኝቷል። የቀረን እኛ ነን።

ቸር እንሰንብት።